አሮጌው ኮምፒዩተርና የለመደ እጅ

በብዙ አንባቢዎቻችን ቤት እንደሚገኝ ሁሉ በእኛም ቤት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ልጆች ያጠኑበታል፤ እኛ የፈተና ወረቀት እናዘጋጅበታለን፤ ባለቤታችንም የዕድሩን የወር መዋጮ ትመዘግብበታለች። ይሠራ የነበረው በዊንዶውስ 10 ነበር። ይሁን እንጂ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያና ከእኛው አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ላፕቶፓችን ለዚያ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ሌላ መግዛትም የሚታሰብ አልነበረምና ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ቈረጥን።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊሠራበት፣ ቢያሻውም ሊለውጠው የተፈቀደ ነው። ዐይነቱ ብዙ ነው። እኛ የመረጥነው ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነው፤ ይኸውም ባለ 2 ጊጋባይት ራም ኮምፒዩተር እንኳ ስለሚችለው ነው፤ ለተደላደለ ሥራ ግን 4 ይመረጣል፤ የእኛም 4 ነበረው። ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። እኛ ግን አንድ ምሽት ብቻ ሞክረን በማግሥቱ ዊንዶውሱን ፈጽመን ደመሰስነው። ጥድፊያችን ዋጋ አስከፈለን።

ወላጅ አባታችን ከማረፋቸው በፊት የትውልድ ሐረጋቸውንና የልጅነታቸውን ታሪክ እየነገሩን የጻፍነው 63 ገጽ ነበር። ፋይሉን ከሌሎቹ ጋራ በፍላሽ ቀድተነው ስለ ነበር አልሰጋንም። በሊብሬኦፊስ ስንከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አልተገኘበትም፤ ገጹን የሞላው የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅ ነበር። ባለቤታችን ጥቂት ዝም ብላ ካየች በኋላ «እባክህ ወደ ነበረበት መልሰው» አለችን። የሚመለስበት ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን ከየቢሮው ያልወጡት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቍጥር ላይ የሚያለብሱ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ከዊንዶውሱ ጋራ የደመሰስነው ፎንት ነው። ይህንኑ ፎንት ከአንድ ወዳጃችን አሮጌ ኮምፒዩተር፣ «ፎንትስ» ከሚባለው ፎልደር ቀድተን አመጣን። በሊኑክስ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር የተሰወረ ነው፤ ኮንትሮልና ኤች በአንድነት ሲጫኑ ይገለጣል። «ሆም» በሚባለው በራሳችን ፎልደር ውስጥ ነጥብ የቀደመበትን «ፎንትስ» ፈጥረን ፋይሉን በዚያ አስገባን፤ ሊብሬኦፊስን ዘግተን እንደ ገና ብንከፍተው የአባታችን ቃል ተመልሶ ታየ። እንደ እኛ ለማድረግ ያሰበ አንባቢ ቢኖር፣ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ፎንቱንም አስቀድሞ እንዲቀዳ አደራ እንላለን።

ከዚህ በኋላ የቀረው የእጅ ልማድ ነበር። ሲ የሚባል ድራይቭ የለም፤ ሁሉ ከአንድ ሥር ይጀምራል። ፕሮግራም ከየስፍራው አይለቀምም፤ ሚንት ካዘጋጀው ማከማቻ ይወሰዳል፤ ሲጫንም የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ልጆች ይህን በሁለት ቀን ለመዱት። እኛን ያሰናከለን የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ሊኑክስ በትልቅ ፊደል የተጀመረውንና በትንሽ የተጀመረውን ስም ሁለት አድርጎ ይቈጥራል። የስምንተኛ ክፍል ማርክ በሁለት ፎልደር ተከፍሎ ሳለ ግማሹ ጠፋ ብለን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስንፈልግ ዋልን። ተማሪዎቻችንን ስለ ጥንቃቄ ስንት ጊዜ ገሥጸናል! ለአማርኛ መጻፊያ አይባስ የተባለውን ከነጭማሪው ጫንን፤ በዚያም ትንሿ ቲ «ት»ን፣ ትልቋ ቲ «ጥ»ን ስለምትሰጥ ቅጣቱ አልቀረልንም።

ገበታውን እንደ ፈቃዳችን በማበጀትም መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። ሁሉን ዊንዶውስ ለማስመሰል ደከምን፤ የጀርባውን ሥዕል፣ የምልክቶቹን ቅርጽ፣ የመነሻውን ቍልፍ ሳይቀር ለወጥን። መልኩ መሰለ፤ ጠባዩ ግን ስላልመሰለ እጃችን ይበልጥ ተታለለ፤ የለመድነውን በለመድንበት ስፍራ እየፈለግን እናጣው ነበር። ኋላ ሁሉን መልሰን ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የየራሱን ስምና ገበታ ከፈትንለት፤ አንዱ የሚያደርገው የሌላውን አይነካምና። አማታችን ዐይናቸው ስለ ደከመ በእርሳቸው ገበታ ፊደሉን አንድ ከግማሽ እጥፍ አሳደግነው፤ ከሦስት ምልክት በቀርም ምንም አልተውንበትም። ባለቤታችን የታችኛውን መስመር ወደ ላይ ወሰደችው። የበኵር ልጃችን ሁሉን ጥቁር አድርጎ ሰዓቱን በመካከል አኑሯል፤ ለምን እንደ ሆነ አልገባንም፤ ነገር ግን ገበታው የእርሱ ነው። የእኛ አራት የሥራ ስፍራ አለው፤ ፈተናው በአንዱ፣ የአባታችን ታሪክ በሌላው ተከፍቶ ይቈያል፤ ኮንትሮልና አልት ይዘን በቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው እንሻገራለን።

ያልተቃናም አለ። ማይክሮሶፍት ዎርድ እንደ ዊንዶውሱ በሊኑክስ ላይ አይጫንም፤ በዎርድ የተሠራ ሠንጠረዥም በሊብሬኦፊስ ሲከፈት አንዳንድ ጊዜ መስመሩ ይዛነፋል። ስለዚህ የሚታተመውን በፒ.ዲ.ኤፍ. እንልካለን። እንጀራው በአንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ሰው ግን በፍላሽ ብዙ ቀን ሳይሞክር ባይነሣ ይሻለዋል።

የአባታችን ጽሑፍ በአሮጌው ፎንት ቢታይም በውስጡ አንድ ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ በስልክም አይነበብም። ስለዚህ በዩኒኮድ እንደ አዲስ እየጻፍነው ነው። ማታ ማታ ባለቤታችን ታነባለች፤ ሴት ልጃችን ትጽፋለች፤ እኛም እናርማለን። አማታችን ደግሞ አጠገባችን ተቀምጠው የዘመዶቻቸውን ስም ሲሰሙ «ቈይ፣ እርሱ እንዲህ አልነበረም» እያሉ ያስቆሙናል። አሁን 41ኛው ገጽ ላይ ነን።