በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃልን?

ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመረመር ይበቃል የሚሉ የሥራ ኃላፊዎች ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ይህን አሳብ አልቀበለውም። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠበት የማይነሣ ኮምፒዩተርና በሕንፃ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር መሰርሰሪያ እኩል አይጐዱም። የመሰርሰሪያው ገመድ በጭቃ ይጐተታል፤ የእጅ ጋሪ ይሄድበታል፤ ከስፒናው ሥር እየታጠፈ ይሰነጠቃል። ሽፋኑ ተልጦ ሽቦው ከወጣ ደግሞ 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ታዲያ በመስከረም ተመርምሮ በጥቅምት የተላጠ ገመድ እስከ መጪው መስከረም እንዴት ይቆያል?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ መሣሪያ አደጋ እንዳያደርስ ሆኖ እንዲያዝ ያዛል እንጂ የምርመራውን ጊዜ አይቈርጥም። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን በሕንፃ ሥራ ላይ ለሚውል የ230 ቮልት መሣሪያ በየወሩ ፍተሻን ሲመክር፣ ለቢሮ ኮምፒዩተር እስከ 5 ዓመት መቆየትን ይፈቅዳል። ይህ አከፋፈል ተገቢ ይመስለኛል።

ፍተሻ ቢበዛ ሥራ ይስተጓጐላል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አብዛኛው ጉድለት በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው ስፒናውን ከመሰካቱ በፊት ገመዱን ቢቃኝ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። እንደ መሬት ሽቦ መበጠስ ያለውን ስውር ጉድለት ግን የሚያገኘው መለኪያ የያዘ ባለሙያ ነው።