የባዮጋዝ ማብላያ የሚለካው በምድጃው ነበልባል ነው

እበት ለገበሬው ማገዶም ማዳበሪያም ነው። ችግሩ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን አለመቻሉ ነው። ኩበት ሆኖ የነደደው ለማሳው አይተርፍም፤ በማሳው ላይ የተበተነውም ምጣድ አያሰማም። ሁለቱን ሊያስታርቃቸው የሚችለው የባዮጋዝ ማብላያ ነው።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ያብላሉታል። ከዚህም ሚቴን የሚበዛበት ጋዝ ይወጣና በቧንቧ አልፎ ለምድጃና ለመብራት ይውላል። የቀረው ዝቃጭ የእርሻው ማዳበሪያ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይኸው ሚቴን ሳይነድ ወደ አየር ካመለጠ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ዝናም ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው ገበሬው በመሆኑ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ጣራው ተሰንጥቆ ወይም ቧንቧው ተበላሽቶ ጋዝ የሚያፈስ ማብላያ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ በ1950 ዓ.ም በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሞክሯል። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮም በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ማብላያዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህ መካከል ግን አገልግሎት ያቆሙት ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱም የታወቀ ነው፦ ውሃ ይርቃል፤ ከብት ይሸጣል፤ የተበላሸ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ይጠፋል፤ የተለመደው የጋዝ ምድጃም ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ ምጣድ አይመችም።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ኃላፊነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ማብላያ የሚሠራለት ቤተሰብ ሲመረጥ ቢያንስ 4 ከብቶች እንዳሉትና ውሃ በቅርብ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይጣራ። ውሃ የሚቀዱትና እበት የሚበጠብጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸውና ያለ እነርሱ ፈቃድ አይወሰን። ከየቀበሌው አንድ ሁለት ወጣቶች ጥገና ይማሩ። ሪፖርት ሲቀርብም ስንት ተቆፈረ ሳይሆን ስንት ይነድዳል ተብሎ ይጠየቅ። አለዚያ ድካሙ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፍም።