ኢንተርፌስ ወይስ አብስትራክት ክላስ? ከኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር የሚገኝ ትምህርት

በኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ትምህርት ኢንተርፌስና አብስትራክት ክላስ ዘወትር የሚነጻጸሩት በሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለፈተና ይበጃል፤ ሶፍትዌር ለሚነድፍ ባለሙያ ግን በቂ አይደለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ኢንተርፌስ ለውጭ ተጠቃሚ የሚገባ ውል ሲሆን፣ አብስትራክት ክላስ ደግሞ በእርግጥ የሚዛመዱ ክላሶች የጋራ ሥራቸውን የሚያኖሩበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ውሉ ይቀድማል፤ ዝምድናው ሲረጋገጥ አብስትራክት ክላሱ ይከተላል።

ለዚህ የቀን አቆጣጠራችን ጥሩ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያና የቅብጥ አቆጣጠሮች እያንዳንዳቸው ባለ 30 ቀን 12 ወራትና ባለ 5 ወይም 6 ቀን ጳጉሜን አሏቸው። የዓመት ቁጥራቸው ልዩነት 276 ነው። ይህ ቁጥር ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች» የሚለው ሕግ ለሁለቱም ይሠራል። ስሪቴን ኤክስትራ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ይህን የጋራ ስሌት አብስትራክት ናይል ዴት በሚባል አብስትራክት ክላስ ውስጥ አኑሮታል። ክላሱ ከፓኬጁ ውጭ አይታይም። ለውጭው ዓለም የሚታየው ውል እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የወጣው ክሮኖ ሎካል ዴት የተሰኘው ኢንተርፌስ ነው፤ ይህንኑ ውል የሂጅራና የጃፓን አቆጣጠሮችም ይተገብሩታል።

ከጃቫ 8 ወዲህ ኢንተርፌስም አካል ያለው ሜተድ መያዝ ስለቻለ አብስትራክት ክላስ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ተተግባሪው ክላስ እንዲሞላቸው በኢንተርፌስ የሚተዉ ሜተዶች ሁሉ ይፋዊ ናቸው። የሁለቱ አቆጣጠሮች የመነሻ ቀን ልዩነት ግን የውስጥ ጉዳይ እንጂ ለተጠቃሚ የሚገለጥ አይደለም።

በአንጻሩ ኢንተርፌስ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አለርት ሆስፒታል በሚገኝበት በዘነበወርቅ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሶፍትዌር እንነድፋለን እንበል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። ሕክምናው ሚያዝያ 1 ቀን ቢጀመርና ፕሮግራሙ 6 ወር እንዲደምር ቢታዘዝ፣ ላይብረሪው ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ስለሚቆጥር መስከረም 1 ቀንን ይመልሳል። ይህም ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት 155 ቀን ብቻ ነው። የሜተዱ ስምና ቅርጽ ተሟልቷል፤ ኮምፓይለሩም ስሕተት አላገኘም፤ ታካሚው ግን መድኃኒቱን 25 ቀን ያህል ቀድሞ ሊያቋርጥ ይችላል።

ስለሆነም ነዳፊው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሳይሆን «ጠሪው ምን ይጠብቃል?» ብሎ ነው። ለክሊኒኩ የሚበጀው «6 ወር ደምር» የሚል ሳይሆን የሕክምናውን ማብቂያ በቀናት ቆጥሮ የሚመልስ ኢንተርፌስ ነው፤ ትርጉሙም በጽሑፍ መገለጽና በጳጉሜን ላይ በሚያልፉ ቀናት መፈተሽ ይኖርበታል። አብስትራክት ክላስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቢያንስ ሁለት ክላሶች አንድን ሕግ በእርግጥ ሲጋሩ ነው። መምህራንም ከሠንጠረዡ አስቀድመው ጳጉሜንን ለተማሪዎቻቸው ቢያቀርቡ ልዩነቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።