ከስሙ በፊት መንገዱን እናስተምር

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ የጉበቴና የዓይኔ ሕዋሶች ጂናቸው አንድ ከሆነ፣ ጉበቴ መራቤን በምን ያውቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። «ወደፊት ትደርሱበታላችሁ» ብዬ አለፍኳት። እውነቱን ለመናገር ገና ያልደረስኩበት እኔው ነበርኩ።

ለመሆኑ ለምን መለስ አልኩ? ሕዋስን የተማርነው እንደ ስም ዝርዝር ስለሆነ ነው። ሥዕሉን እንሥላለን፤ ቀስት አውጥተን «ገለፈት»፣ «ኑክሊየስ» ብለን እንጽፋለን፤ ፈተናውንም እናልፋለን። ወሬ ከገለፈቱ ተነሥቶ ኑክሊየስ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ግን የሚጠይቀን የለም። እኔ በበኩሌ ከስሙ በፊት መንገዱ መቅደም አለበት እላለሁ።

መንገዱም ይኸውላችሁ። ሰው ሳይበላ ሲያድር በደሙ ያለው ስኳር ዝቅ ይላል። ይህን ጊዜ ቆሽት ግሉካጎን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይልካል። ግሉካጎን ከ29 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ የጉበትን ሕዋስ ገለፈት አልፎ አይገባም፤ ደጅ ጠኚ ነው። ደጃፉ ላይ ግን ገለፈቱን 7 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚያቋርጥ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ግሉካጎን ሲይዘው ቅርጹ ይለወጥና በውስጥ በኩል ያለውን ጂ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። ያም በተራው ከኤቲፒ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚሠራውን ኤንዛይም ያስነሣል። ኧርል ሰዘርላንድ በሆርሞኖች አሠራር ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ የሥራው ዋና ፍሬ ይህ «ሁለተኛ መልእክተኛ» ነበር።

ሳይክሊክ ኤኤምፒ ደግሞ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ኤንዛይም ከማሰሪያው ይፈታዋል። የተፈታው ክፍል ኑክሊየስ ገብቶ ክሬብ በሚባል ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ክሬብም በዲኤንኤው ላይ ቦታውን ይዞ ረዳቶቹን ይጠራና ጂኑ እንዲነበብ ያደርጋል። ከሚነበቡት ጂኖች አንዱ ጉበት ከአሚኖ አሲዶችና ከላክቲክ አሲድ ስኳር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኤንዛይም ያስገኛል። እንግዲህ የልጅቷ መልስ ይኸው ነበር፦ ጂኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመነበቡ መጠን ነው። ያው ጂን በዓይን ሕዋስም አለ፤ ነገር ግን ደጃፍ ላይ ያሉት ተቀባዮችና በውስጥ ያሉት ረዳቶች ከጉበቱ ይለያሉ።

ትእዛዙ መቆምም አለበት። ሰውየው ሲበላ ግሉካጎን ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚሰብሩ፣ ፎስፌቱንም የሚነቅሉ ኤንዛይሞች አሉ። ማቆሚያው ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ለማየት የዕድገት ሆርሞን የሚያመነጩትን የፒቱታሪ ዕጢዎች እንመልከት። በአንዳንዶቹ ውስጥ ጂ ፕሮቲኑ በሚውቴሽን ምክንያት እንደተቀሰቀሰ ይቀራል። ሕዋሱም «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው ይሆናል።

አንዳንድ መምህራን «ይህ ለተማሪ ይከብዳል» ይሉ ይሆናል። ስሞቹ ይከብዳሉ፤ እስማማለሁ። መንገዱ ግን አይከብድም። አንዱን ተማሪ ከክፍሉ በር ውጪ እናቁም፤ በሩን ያንኳኳ እንጂ አይግባ። በር ላይ ያለው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ይንገር፤ የመጨረሻው መጽሐፉን ገልጦ አንዱን ገጽ ብቻ ያንብብ። ሌላው «በቃ!» ሲል ይክደነው። ለዚህ ላቦራቶሪም ሆነ ገንዘብ አያስፈልግም። «ካይኔዝ» የሚለው ስም በማግስቱ ቢመጣ ልጆቹ የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው።

ያቺን ልጅ ዳግመኛ አላገኛትም ይሆናል። እንደሷ ያሉ ጠያቂዎች ግን በየክፍሉ ይጠብቁናል፤ «ወደፊት» እያልን ካሳለፍናቸው መጠየቃቸውን ይተዋሉ። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ወይም መምህር ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን።