ዕጢ የሚያበራው ፔፕታይድ ለሳይንት ሴት ይደርሳል?

መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። የሳይንቷ አጅባር ልጅ ካንሰርን በአይጥ ማጥናት እዚያው ይጀምር? ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ አልተስማሙም።

ይጀመር

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። የካንሰር ሕዋስ ላይ የሚበዙ ተቀባዮችን መርጦ የሚይዝ ፔፕታይድ አብሪ ቀለም ይታሰርበትና ዕጢ ያለው አይጥ ይወጋል። ትርፉ በኩላሊትና በጉበት ሲወገድ ዕጢው ላይ የቀረው በልዩ ካሜራ ያበራል። አይጡ ሳይገደል ዕጢው በመድኃኒት መክሰም አለመክሰሙ ደጋግሞ ይታያል፤ የሚያስፈልገው አይጥም ይቀንሳል። የናይጄሪያ ተወላጁ ሳሙኤል አቺሌፉ በዚህ መስክ ለፍተው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ የሠሩት ካንሰርን አብርቶ የሚያሳይ መነጽር በ2006 ዓ.ም. ለጡት ቀዶ ሕክምና ዋለ። ኬሚስቱን እዚሁ ካላሠለጠንን ሁሌም ተቀባይ ነን።

ይቆይ

እህቴ አንድ ነገር ዘለለች። በዚያ ቀዶ ሕክምና ያበራው አዲስ ፔፕታይድ አልነበረም፤ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 የፈቀደችው ቀለም ነው። ብርሃኑም ሥጋ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይደበዝዛል። የአይጥ ቆዳ ሥር ያለች ዕጢ ቦግ ትላለች፤ የሰው ጉበት ውስጥ የተደበቀችው ግን አትታይም። ደግሞ የአይጡ ዕጢ ብዙውን ጊዜ መከላከያው በተዳከመ አይጥ ላይ የተተከለ፣ በሳምንታት የሚያድግ ነው። ከሳይንት የተነሳች ታማሚ ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ትላካለች። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። እሷን የጎዳት የዕጢው አለመብራት ነው ወይስ ናሙናዋን ቶሎ የሚያነብላት ፓቶሎጂስት ማጣቷ?

ይጀመር

ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ እውነት ብለዋል። ሆኖም አሜሪካ በ2016 ዓ.ም. የፈቀደችው ሉሚሳይት የተባለ አብሪ መድኃኒት ከፔፕታይድ ጋር የተሠራ ነው። ካንሰር አካባቢ የሚበዙ ኢንዛይሞች ፔፕታይዱን ሲቆርጡት ቀለሙ ይበራና፣ ዕጢው ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ካለ ሐኪሙ ያየዋል። ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከአጅባር ዳግም መምጣት ለማትችል ሴት ይህ ከማንም በላይ ይጠቅማል።

ይቆይ

ሉሚሳይት ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ እሱን ልተወው። ጡት ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ይከተላል። የእኛ ታማሚዎች ዘግይተው ስለሚመጡ፣ ጨረሩም ሩቅ ስለሆነ ሐኪሙ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ያነሳዋል። ያኔ የሚበራለት ጉድጓድ የት አለ?