ዶከርን በሩት ማስኬድ ስንፍና እንጂ ግዴታ አይደለም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የኮድ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ አይደለም። ስማችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁ፣ የመታወቂያችሁ ፎቶ የተቀመጠባቸው ሰርቨሮች ላይ የተለመደ አንድ መጥፎ አሠራር አለ። መቆም አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጀማሪ ዴቨሎፐር ዶከርን ይጭናል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲሰጥ "ፈቃድ የለህም" ይባላል። ዩቲዩብ ላይ ሲፈልግ መፍትሔው በአንድ መስመር ይነገረዋል፦ ራስህን "ዶከር" የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ጨምር፣ ውጣና ተመልሰህ ግባ፣ አለቀ። በእርግጥም ይሠራል። ግን ያ አንድ መስመር የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን፣ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠየቅ፣ ለዚያ አካውንት አስረክቧል።

እንዴት ካላችሁ፣ ዶከር በተለመደው አጫጫኑ ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሮጥ ፕሮግራም አለው፤ ዲመን ይሉታል። ዲመኑ የሚሮጠው በሩት ነው፤ ማለትም ሊኑክስ ላይ ሁሉን ማንበብ፣ ሁሉን መለወጥ፣ ሁሉን ማጥፋት በሚችለው አካውንት። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው "የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ኮንቴይነሬ ውስጥ አስገባልኝ" ቢለው መልሱ እሺ ነው። ከዚያ በኋላ የሌላውን ሰው ዳታቤዝ መቅዳት የሰከንዶች ሥራ ነው። ይህ እኔ ቆፍሬ ያወጣሁት ምስጢር አይደለም። የዶከር የራሱ መመሪያ ግሩፑ የሩት ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ማን ያንብበው? ቪዲዮው አጭር ነው።

"ኮንቴይነር እኮ የተዘጋ ሳጥን ነው" የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። ሳጥን አይደለም። ከሰርቨሩ ጋር አንድ ከርነል የሚጋራ፣ ዙሪያውን በመጋረጃ የተከለለ ፕሮሰስ ነው። መጋረጃው ሲቀደድም አይተናል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2019-5736 ኮንቴይነሮችን በሚያስነሳው ረንሲ በተባለው ፕሮግራም ላይ የተገኘ ቀዳዳ ነበር። ተንኮል ያለበት ኮንቴይነር በሰርቨሩ ላይ ያለውን የረንሲ ፋይል በራሱ ኮድ ይተካዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሰው ኮንቴይነር ሲያስነሳ የአጥቂው ኮድ በሩት ሥልጣን ይሮጣል። ተደፈነ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ እዚያው ረንሲ ላይ ሌላ መውጫ ተገኘ፤ ሲቪኢ-2024-21626። እሱም ተደፈነ። የሚቀጥለው እስኪገኝ ማለት ነው።

ሩት አልባ አሠራር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሱን ሩት አድርጎ ያያል፤ ከርነሉ ግን የሚያውቀው እንደ ተራ ተጠቃሚ ነው። ግቢ ውስጥ ክፍል የተከራየ ሰው በክፍሉ ንጉሥ ነው፤ የዋናው ቤት ቁልፍ ግን የለውም። መጋረጃውን ቀዶ ቢወጣ እንኳ እጁ ላይ የሚቀረው የአንድ ተራ አካውንት ሥልጣን ነው። የ2019ኙን ቀዳዳ ተመልከቱ፦ የረንሲ ፋይል ባለቤት ሩት ከሆነና ኮንቴይነሩ የተነሳው በተራ ተጠቃሚ ከሆነ ፋይሉን መተካት አይቻልም። ጥቃቱ እዚያው ይከሽፋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ኢሜጁ ውስጥ ተራ ተጠቃሚ መመደብ ጥሩ ነው፣ ግን ይኼ ሌላ ነገር ነው፤ ዲመኑ አሁንም በሩት ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ሲኒየሮች አጋጥመውኛል።

"ከባድ ነው" የሚለው ሰበብ በ2014 ቢሆን እቀበል ነበር። ሬድ ሃት በሜይ 2019 ባወጣው የሊኑክስ ስሪት 8 ዶከርን ትቶ ዲመን በማያስፈልገው ፖድማን ተካው። ዶከር ራሱ በዲሴምበር 2020፣ በስሪት 20.10፣ ሩት አልባ አሠራሩን ከሙከራ ደረጃ አውጥቶታል። ዓመታት አልፈዋል እኮ!

ዋጋ የለውም አልልም። ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶችን፣ 80 እና 443ን ጨምሮ፣ ለመክፈት ተጨማሪ ማስተካከያ ይፈልጋል። ኔትዎርኩ ሊዘገይ ይችላል። ሊንገር የሚባለውን ካላበራችሁ ከሰርቨሩ ስትወጡ አገልግሎቱ አብሯችሁ ሊቆም ይችላል። ሁሉንም አገልግሎት በአንድ አካውንት ከከመራችሁትም ብዙ አላተረፋችሁም፤ አንዱ ሲሰበር የሌላው ፋይል አብሮ ይሄዳል። ለየአገልግሎቱ የራሱ አካውንት ይከፈት።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሳላነሳው ባልፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ሩት አልባ አሠራር የቆመበት የከርነል ክፍል፣ ዩዘር ኔምስፔስ፣ ራሱ ለጥቃት በር ከፍቷል። ሲቪኢ-2022-0185 አንዱ ምሳሌ ነው። ኡቡንቱም ከ23.10 ጀምሮ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠቀምበት መገደብ ጀምሯል። ትክክል ነው። ግን ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ከርነልን ወቅቱን ጠብቆ ማደስና የሚጠቀሙትን ፕሮግራሞች መምረጥ ነው። "ስለዚህ ለሁሉም ሩት እንስጥ" የሚለው ከየት መጣ?

ጀማሪውን አልወቅስም፤ ያስተማሩትን ነው የሠራው። የምወቅሰው ኃላፊውን ነው። ለዘገባ ካነጋገርኳቸው አንዱ "እኛን ማን ይፈልገናል?" አለኝ። ወንድሜ፣ ማንም በስምህ አይፈልግህም። ሳይዘጋ የተተወ የዶከር ፖርት እየፈለገ ኢንተርኔቱን ሙሉ የሚያስስ ሮቦት ነው የሚያገኝህ፤ ፕሮሰሰርህ ላይ ክሪፕቶ ሊያመርት። የደንበኞችህን ዳታ ሲያገኝ ደግሞ አይመልሰውም። እዚህ አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ "አላወቅንም ነበር" የሚለው መልስ ለደንበኛም ለሕግም አይበቃም።

ነገ ቢሮ ስትገቡ "ዶከር" ግሩፕ ውስጥ እነማን እንዳሉ ዝርዝሩን አውጡት። ከሥራ የለቀቀ ሰው ስም ካገኛችሁ ዛሬውኑ አስወጡት። ወደ ሩት አልባ የተሻገራችሁ ካላችሁ ደግሞ ምን እንዳስቸገራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ በተለይ የኔትዎርኩን ነገር።