"ይበራል ወይ?" ከማለት "ስንት ዙር ይመታል?" ማለት

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ዳገቱን ሲጀምር ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ቀስ ይላል፣ ባጃጁ ግን ይወጣል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት የአውሮፕላን ጉዳይም ይኸው ነው። (አትሳቁ!)

እዚህ አገር አንድ ወጣት በጓሮው አውሮፕላን ሠራ በተባለ ቁጥር እኛ ጋዜጠኞች ማይክ ይዘን እንሮጣለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ "ይበራል ወይ?" ከበረረ ጀግና፣ ካልበረረ መሳቂያ። ከሞተሩ እስከ ውልብልቢቱ መሀል ስላለው ነገር የሚጠይቅ የለም። ልጁ የሚሞተው ወይም የሚተርፈው ግን እዚያ መሀል ላይ ነው።

አስመላሽ ዘፈሩን አስታውሱት። የአብራሪነት ሥልጠና ሊገባ ሲል ቁመትህ በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰ ተባለ። ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እየተማረ የራሱን አውሮፕላን ሠራ፤ ስሙንም ኬ-570ኤ አለው። ሞተሩ የቮልስዋገን ቢትል ነበር፣ 40 የፈረስ ጉልበት። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ያኔ ብዙ ተባለ፣ ተለጠፈ። እኔ ግን እስኪ ሒሳቡን እንሥራው እላለሁ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ 40ው ወደ 30 ይወርዳል። ውልብልቢቱም የሚገፋው አየር ቀጭን ነው፣ ክንፉም የሚደገፍበት እንደዚያው። ሦስት ጊዜ መቀጣት ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚነሳ አውሮፕላን እኛ ጋ ላይነሳ ይችላል፤ ሠሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ወደ ማርሹ ልመለስ። ውጭ አገር የቤት አውሮፕላን ሠሪዎች የማዝዳን 13ቢ የሮታሪ ሞተር ይወዱታል። ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፤ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር ብቻ ነው የሚሽከረከረው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 6,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። 1.8 ሜትር ውልብልቢት በዚህ ፍጥነት በቀጥታ ብታስሩበት ጫፉ በሰከንድ 565 ሜትር ይሄዳል። ድምፅ ራሱ የሚሄደው 340 ገደማ ነው! ጫፉ ከድምፅ ሲፈጥን ጉልበቱ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መሀል ላይ ዙር የሚቀንስ ማርሽ ይገባል። 2.17 ለ 1 የሆነ ማርሽ 6,000ውን ወደ 2,765 ያወርደዋል። 2.85 ለ 1 ከሆነ ደግሞ ወደ 2,105። ሁለተኛው ረዘም ያለ ውልብልቢት ቀስ ብሎ እንዲዞር ይፈቅዳል፤ ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ደግሞ ለመነሳትና ለመውጣት ይሻላል። የባጃጁ ሾፌር ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

ታዲያ ማርሹን መቀየር ብሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክብደቱ ይለወጣል፣ የአውሮፕላኑ ሚዛን ይዛነፋል። ሞተሩና ውልብልቢቱ ዘንጉን እየጠመዘዙ የሚፈጥሩት ንዝረት በአዲሱ ማርሽ ሌላ ዙር ላይ ብቅ ይላል፤ የማርሹን ጥርስ በአየር ላይ ሊያረግፈው ይችላል። አሜሪካኖች ለዚህ ነው በራስ የተሠራ አውሮፕላን የተፈተነ የሞተርና የውልብልቢት ጥምረት ከሌለው መጀመሪያ 40 ሰዓት ሰው በሌለበት ሰማይ ላይ ይሞከር የሚሉት። በኋላም ትልቅ ለውጥ ከተደረገበት እንደገና ቢያንስ 5 ሰዓት። ልጁን አይከለክሉትም፤ የት፣ እንዴትና ስንት ሰዓት እንደሚሞክር ይነግሩታል እንጂ።

እኛስ? በጥር 2016 ዓ.ም. "ፀሐይ" ከጣሊያን ስትመለስ አጨበጨብን። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረች አውሮፕላን ናት። ደስ ይላል። ግን ለሰማንያ ምናምን ዓመት አሮጊት የሰጠነውን ጭብጨባ ያህል ዛሬ ጓሮ ውስጥ ብረት ለሚበይደው ልጅ የሙከራ ቦታ ብንሰጠው ምን ነበረበት?

ቦታውን ደግሞ እኔ ልጠቁም፤ አርባ ምንጭ። ያደግኩበት ስለሆነ አዳልቼ አይደለም (ትንሽ አዳልቻለሁ)። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያ 40 የፈረስ ጉልበት እዚህ በጠዋት 33 ገደማ ይሆናል። ጠዋት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ አየሩን ያሳሳና ግማሹን ጥቅም ይበላዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች አሉት። ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ደግሞ ጨንቻ አለች፣ ከ2,500 ሜትር በላይ። አንድ ዞን ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ማለት ነው።

ለመጀመር መብረር እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ፣ ማርሹና ውልብልቢቱ የሚታሰሩበት የብረት ፍሬም፣ ግፊቱን የሚለካ ሚዛን፣ ዙር ቆጣሪ፣ ዙሪያውን ሰው የማያስጠጋ አጥር። አርባ ምንጭ ላይ ይለካል፣ ጨንቻ ላይ ይለካል፣ ልዩነቱ ይጻፋል። ማርሹ ይቀየርና እንደገና ይለካል። ለመጫኛ አንድ ፒክአፕ ይበቃል። ጨንቻ የምትወጡት ግን ጃኬት ያዙ፣ ብርዱ አይቻልም።